በመሪው በኩል የቆመው ሰው

በቅርቡ አንድ ወጣት ቤቴ መጣ። የጎረቤቴ ልጅ ጓደኛ ነው፤ የድሮ ከባድ መኪና ፎቶግራፍ ይሰበስባል አሉኝ። ቴምብር የሚሰበስብ ሰው አውቃለሁ፣ የድሮ ገንዘብ የሚሰበስብም ሰምቻለሁ፤ ይሄኛው ግን አዲስ ሆነብኝ። ቢሆንም የብስኩት ቆርቆሮዬን ከቁምሳጥን አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት። ልጁ ፎቶዎቹን ሲያይ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ከወንበሩ ብድግ አለ። «ኤንትሬ! ያውም ከነተሳቢዋ!» አለ። ከዚያ ስለ ግንባሯ፣ ስለ ፊት መከላከያ ብረቷ ስለ ፓራውልቷ፣ ስለ ስፖንዳዋ እንጨት እኔ የማላውቀውን ሁሉ ይተነትንልኝ ጀመር። እያንዳንዱን በስልኩ አነሳ፣ አመሰገነኝ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ከመኪናዋ ግራና ቀኝ ስለቆሙት ሁለት ሰዎች ግን አንድም ነገር አልጠየቀኝም።

አልተቀየምኩትም። ሰዎቹን ለማየት ፎቶውን አፍንጫ ድረስ ማስጠጋት ይጠይቃል። ቢያስጠጉትም ይሄ ነው የሚባል ነገር አይገኝም፤ ባርኔጣ፣ ከባርኔጣው ሥር ጥላ፣ ከጥላው ሥር ኮት። አንደኛው አባቴ ነው።

አባቴ በጃንሆይ ዘመን የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከአሰብ ወደብ ጨርቅ፣ ቆርቆሮ፣ ጨው፣ የተገኘውን ሁሉ ጭኖ መርካቶ ያራግፋል፤ ከመርካቶ ደግሞ ቡናና ቆዳ ጭኖ ይመለሳል። መኪናዋ የአንድ አስመጪ ነጋዴ ናት። አባቴ ግን «መኪናዬ» ነበር የሚላት፤ እናቴም «መኪናችን» ትላለች። እኔም የእኛ እንዳልሆነች ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ቤታችን መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ አጠገብ ስለነበር እንግዳ ሰው በራችንን ሲያልፍ ያስነጥሰዋል፤ እኛ ግን ለምደነው ምንም አይሸተንም ነበር። ብዙ ነገር እንደዚያ ነው የለመድነው። አባት የሌለበት ቤትም እንደዚያው።

ክፉ ሰው አልነበረም። ሲመጣ ተምር ያመጣልናል፤ ይስቃል፤ እግሩን ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ ይተኛል። ሲነቃ ጋራዥ ይሄዳል። ከጋራዥ ሲመለስ እንደገና ይተኛል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ተነስቼ ሳየው የለም። እኔ በደንብ የማውቀው ጀርባውን ነው፤ የጀርባውን ስፋት፣ በሱሪው ላይ የማይለቀውን የግራሶ እድፍ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የሚሰማውን ማንኮራፋት። ትወጂው ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ቢጠይቀኝ ኖሮ መልሱን ለማወቅ ሌላ ቀን ና እለው ነበር።

ስለ ፎቶዎቹ ልንገራችሁ። የዚያን ጊዜ ሹፌሮች አንድ ልማድ ነበራቸው። ከወደብ የመጣ ጭነት መርካቶ ሲደርስ፣ ሸራው ሳይፈታ፣ ወዛደር ሳይነካው፣ መኪናው ፎቶ ይነሳል። ጭነቱ ሳይጎድል፣ መኪናውም ሰውም ሳይነካ ገባ ለማለት ነው። ሹፌሩ በራሱ በር አጠገብ ይቆማል፣ ረዳቱ በራሱ በር አጠገብ ይቆማል። ቦታ መቀያየር የሚባል ነገር የለም። ፎቶውን የሚያነሳው በአውቶቡስ ተራ አካባቢ የሣጥን ካሜራ ከነእግሩ ተሸክሞ የሚዞር አንድ ሽማግሌ ነበር።

አባቴ ከሌሎቹ ሹፌሮች የሚለየው መኪናዋ ከነተሳቢዋ ካልገባች ፎቶ አይባልም ባይ መሆኑ ነው። ሽማግሌው ሣጥኑን ይተክላል፤ አባቴ «አልገባችም» ይላል። ሽማግሌው ነቅሎ ወደኋላ ይሄዳል፤ አባቴ እንደገና «አልገባችም» ይላል። ከዚያ ልክ ረዳት መኪና ወደኋላ ሲያስመልስ እንደሚያደርገው እጁን እያወዛወዘ ያስኬደዋል። «ጨምር፣ ጨምር፣ ትንሽ ስበር፣ ጨምር... በቃ!» ሽማግሌው በቃ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሽንኩርት ሻጮቹ መሀል ነው፤ ስድቡን የሚጠጣውም እሱ ነው። መኪናዋ ከግንባሯ እስከ ተሳቢዋ ጅራት ትገባለች። የአባቴ ፊት ግን የምስር ፍሬ ታክላለች።

እናቴ ሁልጊዜ ትነጫነጫለች። «አንድ ቀን እንኳ ጉርድ ተነሳ፣ ምናለበት?» ትለዋለች። «ጉርድ ለመንጃ ፈቃድ ነው» ይላል አባቴ። ሲጋቡ ፎቶ አንሺ አልነበረም፤ ከተጋቡ በኋላ ደግሞ መኪናዋ ነበረች። ቆርቆሮው በመኪና ሞላ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ መናገር አለብኝ፤ ካልተናገርኩ የሆነው ነገር አይገባም። የዚያን ዘመን የጣሊያን ከባድ መኪና መሪው በቀኝ ነበር። የከተማው ታክሲና የቤት መኪና መሪ በግራ ነው፤ የእኛዋ ግን በቀኝ። ስለዚህ በእኛ ቤት ግራና ቀኝ አይባልም። ቀኝ «በመሪው በኩል» ነው፣ ግራ «በረዳቱ በኩል» ነው። እናቴ በአልጋው ላይ የምትተኛው በረዳቱ በኩል ነው፤ አባቴ ባይኖርም በመሪው በኩል ያለው ቦታ ክፍት ሆኖ ያድራል። ጫማዬ ሲፈታ «በመሪው በኩል ያለው ተፈቷል» ትለኛለች። ይህን ይዤ ትምህርት ቤት ሄጄ መምህሩ ቀኝ እጄን እንዳወጣ ሲያዘኝ «በመሪው በኩል ያለውን?» ብዬ ክፍሉን በሙሉ አስቄያለሁ።

ረዳቱ ዕድሜው ከአባቴ ብዙም አያንስም። ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም፤ ከአባቴ ጋር ስንት ዘመን እንደሠራ እኔ አላውቅም፤ ዓይኔን ከገለጥኩ ጀምሮ ነበረ። ዝምተኛ ነው። እኛ ቤት ሲበላ እንኳ መጀመሪያ እጁን የሚያነሳው አባቴን አይቶ ነው። መንዳት ይችላል፤ ሜዳ ሲሆን አባቴ መሪውን ይሰጠዋል ይባላል። መርካቶ ሲገቡ ግን ሁልጊዜ በቦታው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ መኪናችን በርበሬ በረንዳው ላይ ቆማ ጭነት ስታራግፍ አየኋት። ገረመኝ። አባቴ ሲገባ ከመታጠፊያው ጀምሮ ክላክሱን ያስጮኸዋል፤ እናቴ በዚያ ነው ውኃ የምትጥደው። ያን ዕለት ክላክስ አልተሰማም። ሸራው ተፈቷል፣ ወዛደሮቹ የጨርቅ ጣቃ እየተሸከሙ ይገባሉ ይወጣሉ። የሣጥን ካሜራውም የለም። ረዳቱ ጋቢና ውስጥ በራሱ ቦታ ተቀምጧል። ከመሪው በስተጀርባ ማንም የለም።

«ጋሼ፣ አባባ የታለ?» አልኩት።

አላየኝም። ወዛደሮቹን እያየ «ወደ ቤት ሂጂ የኔ ልጅ» አለኝ።

«ጋራዥ ነው?»

«ወደ ቤት ሂጂ።»

ሄድኩ። ለእናቴ መኪናችን ገብታለች አልኳት። «ክላክስ አልሰማሁም» አለች፤ ቢሆንም ውኃ ጣደች። ውኃው ፈልቶ ተነሳ፤ ቀዘቀዘ፤ መልሳ ጣደችው። መሸ። አንዲት ጎረቤታችን ወንፊት ልትዋስ መጥታ፣ በሩ ላይ ቆማ እናቴን አይታ አይታ፣ ወንፊቱን ሳትወስድ ተመለሰች። ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። መርዶ ማታ አይነገርም። ያችን አንዲት ሌሊት ይተኙባት ብለው ነው። እናቴ ጋራዥ አምሽቶ ይሆናል ብላ በረዳቱ በኩል ተኛች።

ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ጋቢ የለበሱ ወንዶች ደጃፉን ሞልተውት ነበር። ከፊት የእድሩ ዳኛ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንገቱን የደፋ ረዳቱ። ማንም ቃል ሳይተነፍስ እናቴ ጮኸች። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሷ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እኔ ምንም አልተሰማኝም። ይህን ስናገር ሰዎች ቃሉን ለማለስለስ ይሞክራሉ፤ ደንግጠሽ ነው፣ ልጅ ስለነበርሽ ነው ይሉኛል። ምክንያቱን አላውቅም። ምድጃው ላይ የቀረውን የእግር ውኃ እያየሁ፣ ይሄ ውኃ አሁን ለምን ይውላል ብዬ ሳስብ ነበር። ሴቶቹ እንዳለቅስ ጆሮዬ ላይ ጮኹ፣ እጄን ይዘው ደረቴን አስመቱኝ። የታዘዝኩትን መታሁ። አንዷ «ልጅቷ ደንዝዛለች፣ ተዋት» አለች። ደንዝዛለች የተባለው ትክክል ነበር። ክንድ ላይ ተኝተው ሲነሱ ክንዱ የሌላ ሰው እንደሚመስለው፣ እኔ መላ ሰውነቴ እንደዚያ ነበር።

የሆነውን የተናገረው ረዳቱ ነው። አባቴን በረሃው ውስጥ ንዳድ ያዘው። በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ደርቦ ይንቀጠቀጥ ነበር። መሪውን መያዝ ሲያቅተው ቦታ ተቀያየሩ። ረዳቱ እየነዳ፣ አባቴ በረዳት ወንበር ላይ ተኝቶ፣ ኮምቦልቻ ሳይደርሱ ሞተ። እዚያው ኮምቦልቻ ቀበሩት። ጉርድ ፎቶው ያለበትን መንጃ ፈቃዱን የሞቱን ጉዳይ የመዘገቡት ሰዎች ተቀብለው አስቀሩት። ከዚያ ረዳቱ ጭነቱን ይዞ ብቻውን መጣ። «በእኔ ቦታ ነው የሞተው» አለ። መልሶም «በእኔ ቦታ» አለ።

እንግዲህ አስከሬን የለም፣ መቃብርም ሩቅ ነው። በእኛ ሰፈር ርቆ ሄዶ ለሞተ ሰው በሠልስቱ ፎቶው በነጠላ ተሸፍኖ ድንኳን ውስጥ ይገባል፤ ነጠላው ሲገለጥ ሰው ፊቱን እያየ ያለቅስለታል። ፎቶ ከሌለ ግን ለቅሶው ለማን እንደሆነ አይታወቅም። እናቴ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ስለ ቀብሩ፣ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ነጋዴው አንድም ቃል አላነሳችም። «ፊቱን ሳላይ እንዴት አድርጌ ላልቅስ?» ነው የምትለው። መጥቶ የሚያጽናናትን ሰው ሁሉ ይህንኑ ትጠይቀዋለች።

ቆርቆሮው ወረደ። ፎቶዎቹ ምንጣፍ ላይ ተዘረጉ። መኪና፣ መኪና፣ መኪና። ሴቶቹ እያነሱ ወደ መስኮቱ ይዘዋቸው ይሄዳሉ፣ ዓይናቸውን ያጠባሉ፣ ይመልሷቸዋል። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናዋን ስትሳደብ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። «ይቺ ብረት! እሷስ እንዴት አምሮባታል!» አለች። በመጨረሻ ከሁሉም ትንሽ ቀረብ ብላ የተነሳችበትን አንድ ፎቶ መረጠች። መኪናዋ ፊቷን ወደ ካሜራው አድርጋ ቆማለች፣ ሁለቱ ሰዎች በየበራቸው አጠገብ ቆመዋል። ጋቢናው ውስጥ ጨለማ ነው፤ መሪው አይታይም።

ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣምና ፎቶውን ለማሳደግ ወደ ፎቶ ቤት የወሰደው የእድሩ ዳኛ ነው። ዳኛው ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ደግ ሰው፣ ቸኩሎ የማያውቅ ሰው።

«የትኛው እንደሆነ በደንብ ይንገሩት ጋሼ» አለችው እናቴ። «በመሪው በር አጠገብ የቆመው ነው።»

«ገብቶኛል እህቴ። አይዞሽ።»

እውነትም ገብቶት ነበር። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ፎቶ ቤት ያለው ሰው ዘንድ ሄዶ የተባለውን ቃል በቃል አደረሰ። ሁለቱ ቁጭ ብለው መከሩበት። መኪናዋ ወደ እነሱ ዞራ ስለቆመች የእሷ ግራ ለእነሱ ቀኝ እንደሚሆን ሳይቀር አሰቡ። በሕይወታቸው የተሳፈሩበት ታክሲ ሁሉ መሪው በግራ ነው፤ ስለዚህ የመኪናዋን ግራ በር ፈልገው፣ እዚያ የቆመውን ሰው አሳደጉት። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ተጠንቅቀው መሳሳታቸው ነው። ቸኩለው ዝም ብለው አንዱን ቢያነሱ ኖሮ ምናልባት ዕጣው ለአባቴ ይደርስ ነበር።

የሠልስቱ ዕለት ድንኳኑ በራችን ላይ ተተከለ። ባለቤቷ ነጋዴ መኪናዋ ለዚያ ቀን ሥራ እንዳትወጣ ስለፈቀደ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆማለች። ረዳቱ አጥቧት ነበር። ሰው ከጠዋት ጀምሮ ይጎርፋል፤ ሹፌሮች፣ ወዛደሮች፣ የበርበሬ በረንዳ ሴቶች ሱቃቸውን ዘግተው፣ በረንዳው ላይ የሚሠሩት ሙስሊም ነጋዴዎች ሁሉ ሳይቀሩ። ፎቶው በመስተዋት ክፈፍ ተደርጎ፣ በነጠላ ተሸፍኖ መጣ። ትሪ ያክላል። ዳኛው መሀል ላይ ቆሞ ነጠላውን ገለጠው።

ኮትና ከረባት ያደረገ ሰው ነው። ኮቱንም ከረባቱንም ፎቶ ቤቱ በቀለም የጨመራቸው ናቸው፤ የሞተ ሰው ካለ ከረባት አይሆንም ብሎ ይሆናል። ፊቱ ከምስር ፍሬ ተነስቶ እንደዚያ ስላደገ ደብዝዟል፤ ቅንድቡና ከንፈሩ በእርሳስ ተስለዋል። እናቴ አየችው። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ደረቷን መታች፤ ድንኳኑም ተቀበላት።

እኔም አየሁት። አባባ ነው? እያልኩ አየሁት። ጆሮው የአባቴ አይመስለኝም። ግን የአባቴ ጆሮ እንዴት ነበር? ከኋላው አውቀዋለሁ እንጂ ከፊቱ እንዴት ነው? እናቴ እያለቀሰችለት ነው፤ ሰዉ ሁሉ እያለቀሰለት ነው፤ እንግዲያውስ እሱ ነው፤ የረሳሁት እኔ ነኝ። ገና በሠልስቱ አባቴን ረስቼዋለሁ። በእነዚያ ቀናት የተሰማኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ ፈራሁ። እሱም ቢሆን ከወፍራም ብርድ ልብስ ወዲያ እንዳለ ሰው ድምፅ ሩቅ ነበር።

ረዳቱ ውጭ ለመጣው ሰው አግዳሚ ወንበር ሲያመላልስ ቆይቶ ወደ ድንኳኑ የገባው ያን ጊዜ ነው። ሁለት እርምጃ ገባና ቀና አለ። አንድ ሰው ራሱን በከረባት ሲያየው ምን እንደሚመስል እዚያ አየሁ። አግዳሚውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አኖረው።

«ይሄ እኮ እኔ ነኝ» አለ።

አጠገቡ ያሉት ሰሙ፤ ደረት መምታታቸውን አቆሙ። ወሬው ከእነሱ ወደ ቀጣዮቹ እያለ ድንኳኑን ሞላው። አንዲት አሮጊት «እግዚኦ፣ በቁሙ!» ብላ አማተበች። በሕይወት ያለ ሰው ላይ ማልቀስ ሞት መጥራት ነው ተብሎ ይፈራል፤ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ በጉልበቱ ያለቀሰበት ነው። ከበስተኋላ አንዷ ሳቋ መጥቶባት በነጠላዋ አፏን ስትይዝ አየኋት። አልፈረድኩባትም፤ እኔም መጥቶብኝ ነበር።

«በመሪው በር ያለውን ነው ያልኩት» አለ ዳኛው። ፊቱ አመድ መስሏል። «በግራው በር ያለውን።»

«የእኛዋ መሪ በቀኝ ነው ጋሼ» አለችው እናቴ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም።

«እንግዲያ ስታለቅሺ...»

«ነጠላው ሲገለጥ አውቄያለሁ። ምን ልበል? ሰው ሥራውን ጥሎ መጥቶልኝ ቆሟል።» ከዚያ ወደ ረዳቱ ዞረች። «አንተም ይቅር በለኝ ወንድሜ፤ በቁምህ አለቀስኩብህ።»

«ኧረ እትዬ፣ ምን ነካዎት! በእኔ በሆነ ኖሮ!»

እናቴ ተነሳች። ሴቶቹ ሊይዟት ቢሞክሩ እጃቸውን አስለቀቀች። ከድንኳኑ ወጥታ መኪናዋ ፊት ቆመች፤ ሰዉ ሁሉ ተከተላት። ጠዋት ውኃ ስለነካት መንገዱ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ እንደ መስተዋት ታሳያለች።

«ስትነሱ እንዴት ነበር የምትቆሙት? ቁምልኝ» አለችው።

ረዳቱ ሄዶ በራሱ በር አጠገብ ቆመ። እጁን ወዴት እንደሚያደርገው ጠፍቶት መጨረሻ ላይ ወደኋላ አጣመረው። እናቴ እሱን አላየችውም። ሌላውን በር ነበር የምታየው። እዚያ ማንም የለም።

«እሱስ?»

«እዚያ ነዋ እትዬ። በቦታው።»

«እስቲ እዚያ ሂድና እሱ እንደሚቆመው ቁምልኝ። አቋቋሙን ልየው።»

ረዳቱ ራሱን ነቀነቀ። «ሌላ ይዘዙኝ። እዚያ ቦታ ላይ እኔ አልቆምም።»

እናቴ ሹፌሮቹን አየች። የአባቴ ጓደኞች ናቸው፤ ሁሉም ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ሹፌር ሌላ ሹፌር በሚቆምበት በር አይቆምም፣ በተለይ በሞተ ሰው በር። ዳኛውን ማን ደፍሮ ያዘዋል? ቀስ ብላ ዞራ ወደ እኔ መጣች። ከመርዶው ወዲህ ፊቴን አይታ አታውቅም ነበር፤ የት እንዳለሁም የምታውቅ አይመስለኝም።

«አንቺ» አለችኝ። «ሂጂ፣ በመሪው በኩል ቁሚ።»

ሄድኩ። መሄድ ነው፤ ታዘዝኩ። ጎማው ደረቴ ድረስ ይመጣል። በሩ በፀሐይ ሞቋል። ጀርባዬን ወደ መኪናዋ አስጠግቼ፣ እጄን አንጠልጥዬ ቆምኩ። ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ዞሯል። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። እናቴ ቀረብ ብላ አየችኝ፣ አልሆነላትም መሰለኝ፣ እጇን ዘርግታ ራሴ ላይ የታሰረውን ጥቁር ሻሽ ሳበችው። የመርዶው ዕለት ጸጉሬን እስከ ሥሩ ተላጭቼ ነበርና ራሴ ባዶ ነው። ንፋሱ ነካኝ።

«ውይ» አለች። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ከዚያ ወደኋላ መሄድ ጀመረች። ፊቷን ከእኔ ሳታነሳ፣ የምትረግጠውን ሳታይ፣ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። ሰዉ ከኋላዋ መንገድ ይለቅላታል። ልክ የሚበቃት ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይኸውላችሁ» አለች። «ይኸው። ይሄ ነው እሱ።»

ሰዉ አየኝና አለቀሰ። ድንኳኑ ውስጥ እንደነበረው አይደለም፤ ድምፅ የሌለው ነው። ሹፌሮቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዳኛው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ረዳቱ ከራሱ በር ወጥቶ በመኪናዋ ግንባር በኩል ዞር ብሎ አየኝ፤ ወዲያው ፓራውልቷን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሁሉም አባቴን አይቶታል። ያላየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። በፎቶ ያጣሁት፣ በሐሳቤ ያጣሁት የአባቴ ፊት በእኔ ላይ ነው፤ ለእናቴ፣ ለዳኛው፣ ሱቋን ዘግታ ለመጣች በርበሬ ሻጭ ሁሉ ይታያቸዋል። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ያመኛል፣ እና ሕመሙ የራሴ ነበር። ከራሴ በላይ የመኪናዋ የጎን መስተዋት፣ ስፖኪዮዋ አለ። ዞር ብዬ፣ በእግሬ ጣት ተንጠራርቼ ቀና ብል እኔም አየው ነበር። ነገር ግን ዞር ያልኩ እንደሆነ እነሱ ያጡታል።

አልዞርኩም። እናቴ እስኪወጣላት ድረስ ፊቴን ወደ እሷ አድርጌ ቆምኩ።